ፔርሴዎስ ለምን ግራኝ ሆነ? በአንድ ክብ የናስ ሰሌዳ ላይ የተነሳ ክርክር

ክሩን፣ ማለትም ይህን የጥያቄና መልስ ሰንሰለት፣ የከፈተው በናስ ላይ ቅርጽ የሚያወጣ ሰው ነው። ከዳር እስከ ዳር 30 ሴንቲ ሜትር በሆነ ክብ ሰሌዳ ላይ፣ ፔርሴዎስ አንድሮሜዳን ከባሕር አውሬ የሚያድንበትን የግሪኮች አፈ ታሪክ ሊቀርጽ አስቧል። ዕቃው ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ጌጥ ነው። መነሻ ያደረገው የ16ኛውን ክፍለ ዘመን አሠራር የሚመስል አንድ የመዳብ ቅርጽ ህትመት ሲሆን፣ ሦስት ነገር ይጠይቃል። ቁመቱ ከወርዱ የሚበልጥ ሥዕል ክብ ውስጥ እንዴት ይገባል? ታሪኩ እንዲታወቅ የግድ የሚያስፈልጉት ምልክቶች የትኞቹ ናቸው? ህትመቱ ላይ ጀግናው ሰይፉን በግራ እጁ መያዙስ ምን ማለት ነው? ለመጨረሻው የራሱን ግምት አክሏል፤ ግራ እጅ፣ ያያትን ሁሉ ድንጋይ የምታደርገውን የሜዱሳን ራስ የቆረጠ ሰው የሚሸከመውን እርግማን ያሳያል ባይ ነው። አገር ምድሩን ያነሳሳው ይህ ግምት ነው።

1ኛ መልስ። በትሕትና ይጀምራል። ጠያቂውን ወንድሜ ብሎ ሥራውን ካመሰገነ በኋላ ግራ እጁ የመጣው ከእርግማን ሳይሆን ከማተሚያው እንደሆነ ይነግረዋል። መዳብ ላይ የተቀረጸ ሥዕል ወረቀት ላይ ሲታተም ቀኙ ግራ፣ ግራው ቀኝ ይሆናል። ጠንቃቃ ቀራጭ ንድፉን አስቀድሞ ገልብጦ ሰሌዳው ላይ ያሳርፋል፤ ህትመቱም ተቃንቶ ይወጣለታል። የሌላውን ህትመት ገዝቶ ቶሎ ቶሎ የሚያባዛው ግን ወረቀቱን ፊት ለፊቱ አድርጎ ያየውን እንዳለ ይቀርጻል፤ የእሱ ቅጂ ተገልብጦ ይወጣል። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ቅጂ ሞልቷል። መለያ ዘዴም ይሰጣል። ጽሑፉ አያስተማምንም፤ ሥዕሉን የገለበጠ ቀጂ እንኳ ፊደሉን አስተካክሎ ይጽፋልና። መታየት ያለበት የሰይፉ አፎት ነው። በቀኙ የሚዋጋ ሰው አፎቱን በግራ ዳሌው በኩል ያንጠለጥላል። አፎቱ በቀኝ፣ ጋሻው በቀኝ ክንድ፣ ሰይፉ በግራ ከሆነ ሥዕሉ በሙሉ ተገልብጧል። አፎቱ በግራ እንዳለ ሰይፉም በግራ እጅ ከሆነ ግን ቀራጩ አውቆ ያደረገው ነውና ያኔ ትርጉም መፈለግ ያስኬዳል።

2ኛ መልስ። ከመጀመሪያው ጋር ተስማምቶ የጥንቱን ሮማዊ ገጣሚ የኦቪድን ግጥም ምስክር ይጠራል። በሜታሞርፎሲስ 4ኛ መጽሐፍ መጨረሻ ላይ የፔርሴዎስ ክንፍ በባሕሩ ፍንጣቂ ርሶ ይከብደዋል፤ ከውኃው ብቅ ያለ ቋጥኝ ላይ ይቆምና የድንጋዩን ጫፍ በግራ እጁ ጨብጦ ሰይፉን ሦስት አራት ጊዜ በአውሬው ጎን ይሰካል። ግራው በድንጋዩ ከተያዘ ሰይፉ በየትኛው እጅ እንዳለ ግልጽ ነው። ከድሉ በኋላ ለአማልክቱ የሚቆሙት ሦስት መሠዊያዎችም ቦታቸው ተነግሯል፤ የግራው ለሜርኩሪ፣ የቀኙ ለሚነርቫ፣ የመካከለኛው ለጁፒተር ነው። የተገለበጠ ቅጂ መሠዊያዎቹንም ያለዋውጣል።

3ኛ መልስ። ጠያቂው ተመለሰ። አፎቱ በቀኝ ዳሌ ነው። አሁን የሚፈልገው ንድፉን አቃንቶ ይቅረጽ ወይስ እንዳለ ይተወው የሚለውን ማወቅ ነው፤ ናሱ ስለማይታተም የሳለው ሁሉ እንደሳለው ይታያል።

4ኛ መልስ። አትቸኩል ይለዋል። የግዕዝ ፊደልም ሆነ የላቲን ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚነበብ ዓይን ሥዕሉም ውስጥ በዚያው አቅጣጫ መግባት ይቀናዋል። ከላይ ግራ ወደ ታች ቀኝ የሚወርድ ጀግና ከዓይን ጋር አብሮ ይወርዳል። ከላይ ቀኝ የሚመጣው ግን ዓይንን ፊት ለፊት ይገጥመዋል፤ ግጭቱ ይበረታል። ስለዚህ የተገለበጠው ቅንብር አንዳንዴ ከዋናው ይልቅ ኃይለኛ ሆኖ ይገኛል። ማድረግ የሌለበት ነገር፣ ሥዕሉን እንዳለ ትቶ ሰይፉን ብቻ ወደ ሌላው እጅ ማዛወር ነው። ሰይፍ ሲነሳ የዚያ ወገን ትከሻ ከፍ ይላል፣ ወገብ ይጠመዘዛል፣ ክብደቱ በተቃራኒው እግር ላይ ያርፋል። እጁን ቀይሮ አካሉን የተወ ሰው ጀግናውን አንካሳ ያደርገዋል። ወይ ሁሉንም ገልብጥ ወይ ምንም አትንካ ነው ፍርዱ። እኔም በዚህ ከእሱ ጋር ነኝ።

5ኛ መልስ። ክሩ ውስጥ ከሁሉ የሚጠቅመው ይህ ሳይሆን አይቀርም። ከ30 ሴንቲ ሜትሩ ላይ ዙሪያውን 3 ሴንቲ ሜትር ለሐረግ ሲቀነስ ለትዕይንቱ 24 ሴንቲ ሜትር ይቀራል። በዚያ ክብ ውስጥ የሚገባው ትልቁ እኩል ጎን አራት ማዕዘን ጎኑ 17 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ከክቡ ስፋት ሁለት ሦስተኛውን እንኳ አይሞላም። የተረፈው አራት ቅስት ሆኖ እያንዳንዱ መሐሉ ላይ 3.5 ሴንቲ ሜትር ይጠልቃል። ፊት፣ እጅ፣ ሰይፍ፣ የአውሬው አፍ በሙሉ በ17 ሴንቲ ሜትሩ ውስጥ ይግቡ። ሰማይ፣ የገደሉ ጀርባ፣ የአውሬው ጅራት፣ ባሕሩ ዳር የቆሙት የአንድሮሜዳ ወላጆች በቅስቶቹ ይደሩ። ሥዕሉን በጠቅላላው አሳንሶ ክቡ ውስጥ መወሸቅ ዙሪያው ባዶ፣ መሐሉ ጥቅጥቅ ያለ ነገር ያወጣል።

ስለ አድማሱ መስመርም ይመክራል። ሰሌዳውን መሐል ለመሐል የሚቆርጥ አድማስ ክቡን ሁለት ያደርገዋል፤ ከትዕይንቱ ግርጌ 8 ወይም 9 ሴንቲ ሜትር ላይ ቢሆን ይሻላል። ማንጠልጠያው ከቅርጹ በፊት ይበሳ፤ ክብ ነገር የራሱ ላይና ታች የለውም። ቀዳዳው 4 ዲግሪ ቢስት በ23 ሴንቲ ሜትር ርዝመት አንዱ የአድማስ ጫፍ ከሌላው በ1.6 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይላል፤ ባሕሩ ተደፍቶ ይታያል። ለአርአያ የሚጠቅሰው የሆላንዱ ቀራጭ ሄንድሪክ ጎልትዚየስ በ1588 የቀረጻቸውን አራት ክብ ሥዕሎች ነው፤ ታንታሎስ፣ ኢካሮስ፣ ፋኤቶንና ኢክሲዮን፣ ሁሉም በእብሪታቸው የተቀጡ፣ በኮርኔሊስ ቫን ሃርለም ንድፍ የተሠሩ። የላቲን ጽሑፉ ዙሪያውን ይሄዳል፤ ክቡ ወድቆ የማያባራ ሰው የሚሽከረከርበት ይመስላል።

6ኛ መልስ። ጸሐፊዋ 5ኛውን ታመሰግናለች፣ አርአያው ላይ ግን አትስማማም። የጎልትዚየስ ክቦች እያንዳንዳቸው የአንድ ገላ ሥዕል ናቸው። የአንድሮሜዳ ታሪክ ሦስት አካል አለው፤ የታሰረች፣ የሚበርርና የሚዋኝ፤ ነፍሱም ያለው በመካከላቸው ባለው ርቀት ላይ ነው። ለዚህ የሚቀርበው የኢጣሊያ ሸክላ ሠዓሊዎች ሥራ ነው ትላለች። በ1530ዎቹ በኡርቢኖ የሠራው ፍራንቼስኮ ሻንቶ አቬሊ የቀራጩን የማርካንቶንዮ ራይሞንዲን ህትመቶች እየወሰደ፣ አንዱን ገላ ከዚህ ሌላውን ከዚያ እያነሳ፣ ክብ ሳህን ላይ አዲስ ትዕይንት ያቀናብር ነበር። አንዳንዱን ገላ ገልብጦ፣ አንዳንዱን ፆታ ቀይሮ። ስለዚህ ጠያቂው ህትመቱን እንደ አንድ ሥዕል ሳይሆን እንደ ሦስት ገላ ይየው፤ በቀጭን ወረቀት ለየብቻ ያውጣቸውና ክቡ ላይ እያንሸራተተ ቦታ ይፈልግላቸው።

አውሬውን በታችኛው የክቡ ጠርዝ ልክ ማጠፍ፣ የአንድሮሜዳን ድንጋይ በአንዱ ጎን ወደ ላይ ማውጣት፣ ፔርሴዎስን በተቃራኒው ቅስት ማውረድ፣ መሐሉን ባዶ መተው፤ ዕቅዷ ይህ ነው። ከዚህ በላይ ያስደነቀኝ ግን ከዚያው ከ2ኛው መልስ ግጥም ያወጣችው ነገር ነው። ፔርሴዎስ ወደ ላይ ሲወነጨፍ ጥላው ባሕሩ ላይ ያርፋል፤ አውሬው በመጀመሪያ የሚያጠቃው ያንን ጥላ ነው። ባዶው መሐል ውኃ ላይ በአግድም መስመር ብቻ የተሠራ ጥላ ቢቀመጥ ሦስቱን አካላት ያለ ምንም ተጨማሪ ምስል ያስራቸዋል።

7ኛ መልስ። ወደ ምልክቶቹ ይገባል። ጀግናውን የሚያሳውቁት ጫፉ እንደ ማጭድ የታጠፈ ሰይፍ፣ ክንፍ ያለው ጫማና የሜዱሳ ራስ ናቸው። አንድሮሜዳን የሚያሳውቃት ሰንሰለቱ ነው፤ ግን ሰንሰለቱን በየቀለበቱ መቁጠር ሞኝነት ነው፤ ሦስት አራት ቀለበት በግልጽ፣ የቀረው በጥላ። ፀጉሯ በነፋስ መበተን አለበት፤ ኦቪድ ፀጉሯ ባይነቃነቅና ዕንባዋ ባይወርድ ኖሮ ለፔርሴዎስ የእብነ በረድ ሐውልት ትመስለው እንደነበር ጽፏል። ከድንጋዩ ሥር ደግሞ ዛጎል ሳይሆን መርጃን (ኮራል) ይገባል። ድሉ ካለፈ በኋላ የሜዱሳ ራስ ባሕር ሣር ላይ ሲቀመጥ ሣሩ ደርቆ መርጃን ሆኗልና። ኢጣሊያዊው ሠዓሊ ቫሳሪ በ1570 ገደማ በፍሎረንስ በሳለው ሥዕል የባሕር ሴቶች መርጃን ሲለቅሙ ይታያሉ። በዚህ አላበቃም፤ ፔርሴዎስን ፔጋሰስ በሚባለው ባለ ክንፍ ፈረስ ላይ ማስቀመጥ ያልተማረ ሰው ስህተት ነው ሲል አክሏል። ፈረሱ ከሜዱሳ ደም ተወልዶ ሄዷል እንጂ ፔርሴዎስ አልጋለበውም።

8ኛ መልስ። እዚህ ላይ ድምፁ ይሻክራል። ያልተማረ የተባለው ማን ነው ብሎ ይጠይቃል። ጎልትዚየስ ራሱ በ1583 ፔርሴዎስን በፔጋሰስ ላይ አስቀምጦታል፤ ልማዱ ከመካከለኛው ዘመን ተራኪዎች የወረደ ነው፤ ቀራጮች ለኦቪድ ፈተና አልተቀመጡም። ሆኖም በመጨረሻ 7ኛው ባለበት ደርሷል፣ በሌላ መንገድ። ፈረስና ጋላቢ የትዕይንቱን ሲሶ ይበላሉ፤ ሰውየው ያንሳል፣ ፊቱ ከ8 ሚሊ ሜትር አያልፍም፤ በዚያ ልክ ናስ ላይ ዓይን አንድ ነጥብ፣ አፍ አንድ ጭረት ብቻ ነው። ክንፍ ያለው ጫማ የሚመረጠው ስለሚያስተምር ሳይሆን ቦታ ስለሚቆጥብ ነው።

9ኛ መልስ። ከጉዳዩ ወጣ ይላል። አንድሮሜዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ የኬፌዎስና የንግሥት ካሲዮፔያ ልጅ ሆና ሳለች አውሮፓውያን ለምን ነጭ አድርገው ይቀርጿታል? ጠያቂውም የአገሩን ልጅ በአገሩ መልክ እንዲቀርጽ ያሳስባል።

10ኛ መልስ። ቁጣ ባይሆንም ንቀት አለበት። የግሪኮች ኢትዮጵያ ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ሁሉ፣ አንዳንዴም ከዚያ የሰፋውን የሚሸፍን ስም ነው፤ ትዕይንቱን ራሱን ብዙዎች ዛሬ ጃፋ በምትባለው በኢዮጴ ወደብ ያደርጉታል። የጥንቱ ጸሐፊ ፕሊኒ፣ ስካውሩስ የተባለ ሮማዊ ከኢዮጴ ያስመጣውን የአውሬ አጥንት ሲገልጽ 40 ጫማ ርዝመት፣ የጀርባ አጥንቱም አንድ ጫማ ተኩል ውፍረት ይሰጠዋል። የንጉሥ ዘር ቆጠራ በናስ ላይ አይቀረጽም ብሎ ይዘጋል።

11ኛ መልስ። ሁለቱንም ያረጋጋል። ጥያቄው የዛሬ ኩራት የፈጠረው አይደለም፤ ኦቪድ በሌላ ሥራው፣ በሄሮይዴስ፣ አንድሮሜዳ በአገሯ መልክ የጠየመች እንደነበረች በግልጽ ብሏል። የጥንቱ የግሪክኛ ጸሐፊ የሄሊዮዶሩስ ልቦለድ ደግሞ ሙሉ በሙሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው፤ የኢትዮጵያ ንግሥት ነጭ ልጅ የወለደችው በፀነሰች ጊዜ የአንድሮሜዳን ነጭ ሥዕል ስላየች ነው። ስለዚህ ጥንትም ሁለቱም ወግ ነበረ።

ከዚያ ወደ እጅ ሥራው ይመልሰዋል፤ ክሩ እንደገና ነፍስ የሚዘራው እዚህ ነው። በመስመር ቅርጽ የጠየመ ገላ ማለት የተቀራረበ መስመር ማለት ነው። ልማዱ ነጭ ገላ በጨለማ ድንጋይ ላይ ስለሆነ ገላውን ብቻ ያጠቆረ ሰው አንድሮሜዳን ድንጋዩ ውስጥ ይቀብራታል። መላው ቅንብር መገልበጥ አለበት፤ ድንጋዩ በጥቂት ሰፋፊ መስመሮች ብሩህ ሆኖ ይተው፣ ገላዋ በአንድ አቅጣጫ በሚጓዙ፣ የአካሉን እብጠት በሚከተሉ መስመሮች ይሸፈን። ትከሻ፣ ጉልበትና ግንባር ላይ መስመሩ ሳይቆም ይቅጠን። በገላዋ ዙሪያ ደግሞ አንድ ሚሊ ሜትር የሚሆን ያልተነካ ናስ ይቅር፤ ከድንጋዩ የሚለያት እሱ ነው።

12ኛ መልስ። ለ10ኛው ነው። እስካሁን እርስዎ ሲባባሉ የነበሩት ሰዎች እዚህ ላይ ወደ አንተ ወረዱ። ፍሬ ነገር የለውም፤ አልፌዋለሁ።

13ኛ መልስ። ሙግቱን ለማብረድ ይመስላል፣ ኬፌዎስ፣ ካሲዮፔያ፣ አንድሮሜዳ፣ ፔርሴዎስና አውሬው አምስቱም በሰማይ ከዋክብት እንዳሉ ያስታውሳል። ከኮከብ አትላስ ገላ ለመውሰድ ለሚያስብ ግን ማስጠንቀቂያ አለው። በባየር የ1603 አትላስ ብዙዎቹ ሰዎች ጀርባቸውን ሰጥተውናል። ሄቬሊየስ ከሞተ በኋላ በ1690 የወጣው አትላሱ ደግሞ ሰማዩን ከውጭ እንደሚታይ ሉል ስላደረገው ሁሉ ነገር የተገለበጠ ነው። ግራና ቀኝን እንደገና መመርመር ግድ ይሆናል።

14ኛ መልስ። ይህ ሁሉ ሲወራ ቅዱስ ጊዮርጊስ ለምን እንዳልተነሳ ይገርመዋል። ድንገት የደረሰ አዳኝ፣ ለአውሬ የተሰጠች የንጉሥ ልጅ፣ ውኃ ዳር የሚኖር ዘንዶ፤ በእኛ ሥዕል ብሩታዊት ዛፍ ላይ ሆና ታያለች። ከዚያ የሚወሰድ ትምህርት አለ። የታሰረችውን ከአውሬው ጋር በአንድ ከፍታ ሳይሆን ከበላዩ ማውጣት ለጠባብ ቦታ ይመቻል፤ የመስቀል እግር ላይ የሚቀርጹ ሰዎች ይህን ያውቁታል። ሌላም አለ፤ በሥዕላችን ክፉው በአንድ ዓይን፣ በጎን ይሣላል፣ ጻድቁ በሁለት ዓይኑ ያየናል። ጠያቂው አውሬውን በጎን፣ ፔርሴዎስን በሦስት አራተኛ ፊት ቢያደርግ የአገሩ ተመልካች ያለ ማብራሪያ ይገባዋል። ድልድዩም አዲስ አይደለም ይላል። ኢጣሊያዊው ሠዓሊ አንቶኒዮ ቴምፔስታ የኦቪድን ታሪኮች በ150 ሥዕል አውጥቶ በ1606 በአንትወርፕ ታትመውለታል፤ ከዚያ ቀደም ሮም ውስጥ በ1590 እና 91 ለታተመው የዐረብኛ ወንጌል የሠራቸው ሥዕሎች በ17ኛው ክፍለ ዘመን ኢትዮጵያ ደርሰው የብራና ሠዓሊዎች ተጠቅመውባቸዋል።

15ኛ መልስ። ታሪኩን ተቀብሎ አሠራሩን ያርማል፣ በጥቂት ቁጣ። የወንጌሉ ሥዕሎች በእንጨት የተቆረጡ ናቸው፤ የኦቪዱ ደግሞ በአሲድ የተበላ መዳብ ነው፤ አንዱም በመቅረጫ ብረት የተገፋ አይደለም። ልዩነቱ ለባለሙያ ትንሽ ነገር አይደለም። በአሲድ የተበላ መስመር ውፍረቱ እኩል፣ ጫፉ ድፍን ነው። በብረት የተገፋው ጀምሮ ይቀጥናል፣ መሐሉ ላይ ያብጣል፣ እንደ ፀጉር ጫፍ ያልቃል። የቴምፔስታን ቅንብር ውሰድ፣ መስመሩን ተወው ይላል። እብጠቱ የሚመጣው እጅን በመጫን ሳይሆን የመቅረጫውን እጀታ በትንሹ ከፍ በማድረግ ነው፤ ብረቱ ይጠልቃል፣ የተቆረጠበት ቦታ ሦስት ማዕዘን ስለሆነ ሲጠልቅ ይሰፋል። ብዙ ከፍ ካለ ይሰካና ጫፉ ይሰበራል። ለጠምዛዛ መስመር እጅ አይዞርም፤ ሰሌዳው ነው አሸዋ በተሞላ የቆዳ ትራስ ላይ የሚዞረው። ሁለት ረድፍ መስመር ሲያቋርጥ ለገላ ጠበብ ያለ ዐልማዝ ቅርጽ፣ ለድንጋይ ካሬ ይሁን፤ ሁለቱ ረድፎች በጣም ትንሽ ማዕዘን ከተቋረጡ ግን ማንም ያልሳለው ሞገድ ይወጣል። በቅንፍ ያስገባት አንዲት ነገር ደግሞ ጎልትዚየስ በሕፃንነቱ እሳት ላይ ወድቆ ቀኝ እጁ የተጨማደደ እንደነበረና ይህን ሁሉ በዚያው እጅ እንደሠራ ናት።

16ኛ መልስ። ስለ ዕቃው ነው። እስካሁን የተባለው በአብዛኛው ለህትመት ነው ብሎ ይጀምራል፤ እውነቱን ነው። ወረቀት ላይ መስመሩን የሚያጠቁረው ቀለም ነው። ባዶ ናስ ላይ የተቆረጠ መስመር ያንጸባርቃል፤ ጥቅጥቅ ያለው ጥላ ብርሃን ሲያገኘው ከሁሉ በላይ ያበራል፤ ጥላና ብርሃን ቦታ ይለዋወጣሉ። ስለዚህ ቅርጹ በጥቁር ላክ ወይም በጥቁር ሰም መሞላት አለበት። ሲሞላ በካርቶን ጠርዝ መስመሩን አቋርጦ መጥረግ ይገባል፤ በመስመሩ አቅጣጫ ከተጠረገ ጥቁሩ ተጠራርጎ ይወጣል። ለመሙላት የዋናው ዙሪያ መስመር ጥልቀት 0.3 ሚሊ ሜትር ቢደርስ፣ ቀጭኖቹ ከ0.1 ባያንሱ መልካም ነው። ጥልቁ በአንድ ግፊት አይወጣም፣ በሁለት ሦስት ድጋሚ ነው።

የናሱ ውፍረት 2 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ 2 በመቶ ገደማ እርሳስ ያለበት የቅርጽ ናስ ብረቱ ሥር ተሰባብሮ ስለሚወጣ ለመቁረጥ ይቀናል፣ ግን ምግብ አይቀርብበትም። እርሳስ የሌለበት ናስ ይጎትታል፤ ጠብታ ዘይትና መቅረጫውን ቶሎ ቶሎ ማሾል ይፈልጋል። ብረቱ ስቶ ቢጭር፣ ቀላሉ ጭረት በማለስለሻ ይታሻል፤ ጥልቁ በመፋቂያ ተፍቆ ከጀርባው በመዶሻ ቀስ ብሎ ይነሳል። የጀርባውን ሰማይ በነጥብ መምቻ የሚያደበዝዝ ሰው ደግሞ ሰሌዳው እንደሚለመጥ ይወቅ፤ እያንዳንዱ ምት ናሱን ይዘረጋዋል። ከመሐል ወደ ዳር፣ በየቦታው ጥቂት ጥቂት እየተመታ፣ ሰሌዳው በዝፍት እንጨት ላይ ተጣብቆ ቢሠራ ከመለመጥ ይድናል።

17ኛ መልስ። ጠያቂው ውሳኔውን ያሳውቃል። ሙሉ በሙሉ ያቃናዋል፤ ሰይፉ በቀኝ፣ ፔርሴዎስ ከላይ ግራ። ፈረሱ ይቀራል፣ ጥላው ይገባል፣ ድንጋዩ ብሩህ ገላዋ የጠየመ ይሆናል። ዙሪያው ላይ ሐረግ ሊስብ፣ ከግርጌውም ሦስቱን መሠዊያዎች በሐረጉ መሐል ሊያስገባ ነው።

18ኛ መልስ። የ6ኛዋ ጸሐፊ ናት። መሠዊያዎቹ ከድሉ በኋላ የመጡ ስለሆኑ ከትዕይንቱ ውጭ፣ ሐረጉ ላይ መሆናቸው ልክ ነው ትላለች። ነገር ግን 3 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ዙሪያ ጥልፍልፉ በእኩል ካልተከፈለ መጨረሻው ላይ አይገጥምም። የመሐል መስመሩ ርዝመት 85 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ በኮምፓስ 24 ቦታ ይከፈል፣ እያንዳንዱ 3.5 ሴንቲ ሜትር ይደርሰዋል፤ ሦስቱ ለመሠዊያዎቹ፣ ሃያ አንዱ ለጥልፍልፉ። ክፍፍሉም ከግርጌ፣ ከጁፒተር መሠዊያ መሐል ይጀመር፤ ሜርኩሪ በግራ፣ ሚነርቫ በቀኝ።